ተአምሩ ለማን ነበር?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1989 ከዴንቨር ወደ ቺካጎ ይበር የነበረ የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-10 የጭራ ሞተሩ ፈነዳ። ስብርባሪው ሦስቱንም የሃይድሮሊክ መስመሮች ጎዳ፤ መሪው ቢገፋ ቢሳብ አውሮፕላኑ አልታዘዝ አለ። ካፒቴን አል ሄይንስና ባልደረቦቹ፣ በተሳፋሪነት የተገኘው አሰልጣኝ አብራሪ ዴኒስ ፊች ታክሎበት፣ የቀሩትን ሁለት ሞተሮች ኃይል እየጨመሩና እየቀነሱ ብቻ ለ44 ደቂቃ ያህል ታግለው አዮዋ ግዛት ውስጥ ወዳለችው ሱ ሲቲ ከተማ አደረሱት። መሬት ሲነካ ተሰባብሮ ተቃጠለ። ከ296 ሰዎች 184ቱ ተረፉ፤ 112ቱ ሞቱ።

ተአምር ነው ተባለ። ከዚያ እሳት በእግሩ ወጥቶ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ራሱን ያገኘ ሰው ሌላ ምን ይበል! ግን ተአምሩ የ184ቱ ከሆነ፣ ለ112ቱ ቤተሰብ ምን ይባላል? «ቀናቸው ደርሶ ነው» ለቅሶ ቤት ያጽናናል፤ ብያኔ ሲሆን ግን ሟችን ይከሳል። በሉቃስ ወንጌል ክርስቶስ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች አንሥቶ፣ ከሌላው የኢየሩሳሌም ነዋሪ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ይናገራል። ግንቡ ስለምን እንደወደቀ አላነሣም። ያ የግንበኛ ጥያቄ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርማሪዎች የያዙት ይህንኑ የግንበኛ ጥያቄ ነበር። ተሰብሮ የወደቀው የሞተሩ የታይታኒየም ዲስክ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ በአዮዋ ማሳ ላይ ተገኘ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ብረቱ ሲቀልጥ በውስጡ የቀረች ትንሽ እንከን ስንጥቅ ወልዳ፣ ስንጥቁ በየበረራው ሲያድግ ኖሯል። በአየር መንገዱ የጥገና ክፍል ዲስኩ ተፈትሾ ነበር፤ ስንጥቁን ግን ማንም አላየውም። ቦርዱ ያወገዘው የሰው ዐይን ሊስት እንደሚችል በቅጡ ያላሰበውን የፍተሻ አሠራር ነው።

ምክንያቱ ከታወቀ ለእግዚአብሔር ምን ቀረ ብሎ የሚሰጋ አማኝ አለ። ስጋቱ ከንቱ ነው። የስንጥቁ ታሪክ «ለምን የኔ ልጅ?» ለምትል እናት መልስ አይሆንም፤ የእሷም ጥያቄ ዲስክ አይፈትሽም። ይልቅ የሚያሰጋው የሰው ቸልታ በፈጣሪ ፈቃድ ስም ሲሸፈን ነው።

በዚያ በረራ 4 ሕፃናት የራሳቸው መቀመጫ አልነበራቸውም። ዋና አስተናጋጇ ጃን ብራውን በጊዜው በነበረው መመሪያ መሠረት ወላጆቻቸው ወለሉ ላይ እንዲያደርጓቸው ነገረች፤ አንዱ ሞተ። ብራውን መመሪያው እንዲለወጥ ለዓመታት ተሟገተች፤ ቦርዱም ሕፃናት በራሳቸው መቀመጫ ይታሰሩ ሲል መክሯል። በአሜሪካ ሕግ 2 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ዛሬም በወላጁ ጭን ላይ ሆኖ መብረር ይችላል።