ኃላፊነት በመቶኛ ይለካል?

በ2025 (እ.ኤ.አ.፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) ዘ ሄግ ላይ የተሰበሰቡት የኔቶ አባል አገሮች መሪዎች፣ እስከ 2035 ድረስ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 5 በመቶውን ለመከላከያና ተያያዥ ለሆኑ የጸጥታ ሥራዎች ለማዋል ተስማሙ። በ2014 ዌልስ ላይ የተያዘው ግብ 2 በመቶ ነበር። አውሮፓ ስለ ራሷ መከላከያ ስትከራከር በአብዛኛው የምትከራከረው ስለዚህ ቁጥር ነው፤ ስፔን በዛብኝ ትላለች፣ የባልቲክ አገሮች ቶሎ ይሁን ይላሉ። ቁጥሩ ዋጋ የለውም አልልም፤ ጥይት የሚገዛው በገንዘብ ነው። ግን አንድ ሕዝብ ራሱን የመከላከል ኃላፊነት ወሰደ የሚባለው ምን ሲያደርግ ነው?

እዚህ ላይ ስሬብሬኒካን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ያቺን የቦስኒያ ከተማ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከጥቃት የተጠበቀች ቀጣና ብሎ ሰይሟት ነበር፤ በ1995 የሚጠብቋት የኔዘርላንድስ ወታደሮች ነበሩ። ቁጥራቸው ጥቂት፣ ትጥቃቸው ቀላል ነበር። የጠየቁት የአየር ድጋፍ ዘግይቶና አንሶ መጣ። የቦስኒያ ሰርቦች አዛዥ የነበረው የራትኮ ምላዲች ጦር ከተማዋን ያዘ፤ ከ8,000 በላይ ሙስሊም ወንዶችና ልጆች ተገደሉ። በ2002 ስለ እልቂቱ የጥናት ሪፖርት ሲወጣ የኔዘርላንድስ መንግሥት ሥልጣኑን ለቀቀ። በ2019 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በወታደሮቹ ሰፈር ተጠልለው ለነበሩ 350 ያህል ወንዶች ሞት መንግሥት 10 በመቶ ተጠያቂ ነው ሲል ፈረደ። ሰፈሩ ውስጥ እንዲቆዩ ቢፈቀድላቸው ኖሮ በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው ያን ያህል ነበር በሚል ስሌት ነው። ሕግ ካሣ ለመተመን እንዲህ ያለ ስሌት ያስፈልገው ይሆናል። እናቶቹ ግን ልጆቻቸውን በመቶኛ አልቀበሩም።

ወታደሩ ከአንድ አገር፣ ተልዕኮው ከኒው ዮርክ፣ አውሮፕላኑ ከኔቶ ነበር። እነዚህን ሰዎች ለማዳን እንሞታለን፣ ካስፈለገም እንገድላለን ብሎ አስቀድሞ የቆረጠ ግን አልነበረም። ኃላፊነት ለብዙዎች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው እያነሰ ሄዶ፣ በመጨረሻ ማንም የማይሸከመው ይሆናል። በጀቱ በእጥፍ ቢጨመር ይህን ክፍተት አይሞላውም።

ከ1949 ጀምሮ የምዕራብ አውሮፓን ደኅንነት በዋናነት የጠበቀችው አሜሪካ ናት። በዚያ ጥላ ሥር አውሮፓ ብዙ መልካም ነገር ሠርታለች፤ ፈረንሳይና ጀርመንን ያስታረቀ ኅብረት ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የሚጠብቅህ ሌላ ሲሆን፣ ሊሞቱለት የሚገባው ምን እንደሆነ የሚወስነውም እሱ ነው። በ2025 መጀመሪያ ዋሽንግተን ለዩክሬን የምትሰጠውን የስለላ መረጃ ለጥቂት ቀናት ስታቋርጥ ብዙ የአውሮፓ መሪዎች የደነገጡት ይህን በዓይናቸው ስላዩ ይመስለኛል። ሌላም፣ ለእኔ ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ። ለደኅንነቴ ሌላው እየገደለ እኔ በሰላም ወዳድነቴ የምኮራ ከሆነ፣ ንጽሕናዬ የእውነት ንጽሕና አይደለም። ራስን መከላከል የራስን በደልና ጸጸት መሸከምንም ይጨምራል።

በ1961 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሻርል ደጎል የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ኬኔዲን፣ አሜሪካ ለፓሪስ ስትል ኒው ዮርክን ለመሠዋት ዝግጁ ናት ወይ ሲሉ ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ዛሬ ወደ ፓሪስ ዞሯል። ፈረንሳይ ለኢስቶኒያዋ ታሊን ስትል ፓሪስን ለአደጋ ታጋልጣለች? ፕሬዚዳንት ማክሮን በ2025 የኑክሌር ጥላቸውን ለአጋሮች ስለማስፋት እንወያይ ሲሉ፣ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ብቻ ሆኖ እንደሚቀጥል ተናግረዋል። ይህን ማለታቸው ራስ ወዳድነት ነው ብዬ አልፈርድባቸውም። ለሌላው አገር ሕይወት የሚወስን የጋራ አካል ገና አልተወለደም። በ1952 ስድስት አገሮች የጋራ የአውሮፓ ጦር ለማቋቋም ውል ተፈራርመው ነበር፤ ሐሳቡን ያመነጨችው ፈረንሳይ ስትሆን፣ በ1954 ውሉን ውድቅ ያደረገውም የፈረንሳይ ብሔራዊ ምክር ቤት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ጋራ ደኅንነት ቃል የምናውቀው በደማችን ነው። የጣሊያን ወረራ ሳይጀመር በ1935 ብሪታንያና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ፤ ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ስለነበራት ክልከላው የጎዳው እኛን ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ ውሉም ፍትሑም ከእሳቸው ጋር ነበር፤ የቃሉ ባለቤቶች ግን ለቃላቸው ሲሉ ለመዋጋት አልወሰኑም። ማንም ሕዝብ፣ አውሮፓውያንም ጭምር፣ እንዲያ ያለ ቀን እንዲደርስበት አልመኝም።

ለዚህ ነው ከ5 በመቶው ይልቅ ሊትዌኒያ ውስጥ የሚሆነው ነገር ትኩረቴን የሚስበው። ጀርመን 5,000 ያህል ሰዎች የሚኖሩት ብርጌድ እዚያ በቋሚነት እያሰፈረች ነው፤ እስከ 2027 ይሟላል ተብሏል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ እንዲህ ያለ የጀርመን ጦር በውጭ አገር በቋሚነት ሲሰፍር የመጀመሪያው ነው፤ የሚሰፍረውም በ1941 የናዚ ጦር በገባበት፣ አይሁዳውያን በጅምላ በተጨፈጨፉበት ምድር ላይ ነው። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ1994 እንደወሰነው፣ የታጠቀ ጦር በውጭ አገር ለውጊያ ሲሰማራ የፓርላማው፣ የቡንደስታግ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ያ ብርጌድ የሚዋጋበት ቀን ከመጣ፣ የባቫሪያና የሳክሶኒ ተወካዮች የየመንደራቸውን ልጆች ለቪልኒየስ ሲሉ ወደ ሞት ለመላክ በየስማቸው ድምፅ መስጠትና ለልጆቹ ወላጆችም መልስ መስጠት ይኖርባቸዋል።