የልጁን ጣት ልቀቁለት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ለምታስተምሩ ወጣት መምህራን፣ እንዲሁም ማታ ማታ ከልጃችሁ ደብተር ጋር ለምትቀመጡ እናቶችና አባቶች ነው። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ 36 ዓመት ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁና ጠንከር አድርጌ ብናገር አትቀየሙኝ።

በቀደም የጎረቤቴ ልጅ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። አንደኛ ክፍል ናት። «8 ሲደመር 5 ስንት ነው?» አልኳት። ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ አዞረች። ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ ክርኗ ግን ይንቀሳቀሳል። ከጀርባዋ ጣቶቿን እያጠፈች እየቆጠረች ነው። «ምነው እጅሽን ደበቅሽው?» ብላት፣ «ቲቸር በጣት የሚቆጥር ሰነፍ ነው ብላለች» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሥሩን ጣት የሰጠን ማን ነው? እናቶቻችን 41 ጊዜ እግዚኦ ሲሉ በጣታቸው አንጓ ይቆጥሩ የለም ወይ? ያን ቆጠራ ስንፍና ያለው ማን ነው? ታዲያ የሰባት ዓመት ልጅ በዚያው ጣት ሲቆጥር ለምን ያፍራል?

እኔ የማየው ችኮላ ነው። መምህሩ መጽሐፉን ለመጨረስ ይቸኩላል፤ ወላጁ ልጄ እስከ መቶ ቆጠረልኝ ለማለት ይቸኩላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የምትለቅሙት ግን እናንተ አይደላችሁም፤ ኋላ ማካፈል ሲመጣበት የሚለቅመው ልጁ ነው።

ጣት ዕድሜ ልክ የሚቀር እንዳይመስላችሁ። ልጅ መጀመሪያ ስምንቱንም አምስቱንም አንድ በአንድ ይቆጥራል። ሰንብቶ ስምንትን በልቡ ይዞ አምስቱን ብቻ በጣቱ ያስከትላል፤ «ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ...» ይላል። አንድ ቀን ደግሞ ከአምስቱ ሁለቱን ወስዶ ስምንቱን አሥር ይሞላና የቀረውን ሦስት ይጨምርበታል፤ 13 አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ ጣቱን ማንም ሳይከለክለው ራሱ ይተወዋል። ቀድማችሁ የከለከላችሁት ልጅ ግን ወይ ከጀርባው ይቆጥራል፣ ወይ ከጓደኛው ይገለብጣል።

እኔም ወጣት ነበርኩ፤ አጥፍቻለሁም። የመጀመሪያ ዓመቴ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ያዝኩ። ቦታው ገጠር ነው፤ ተማሪዎቹ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ እረኛ ልጅ ወደ ሰሌዳው ወጥቶ 27 እና 15ን አንዱን ካንዱ ሥር ጻፈና ደምሮ 312 አለ። 7 እና 5፣ 12፤ 2 እና 1፣ 3። «12 ሲመጣ 2 ጻፍ፣ 1 ያዝ አላልኩህም?» ብዬ በማስመሪያ መዳፉን መታሁት። አላለቀሰም። የተመታ መዳፉን ዘርግቶ አየና «ጋሼ፣ ምኑን ነው የምይዘው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። መዳፉ ባዶ ነበር።

በማግስቱ የማሽላ አገዳ በጣት ልክ ቆራርጬ፣ አሥር አሥሩን በቃጫ አስሬ ይዤ ሄድኩ። ሁለት እስርና ሰባት ነጠላ፣ አንድ እስርና አምስት ነጠላ ፊቱ አኖርኩለት። ልጁ ነጠላዎቹን ሰብስቦ ቆጠረ። አሥር ላይ ሲደርስ ማንም ሳያዘው ከጋቢው ጫፍ ክር መዘዘና አሰራቸው። እስሩ አራት፣ ነጠላው ሁለት ሆነ። «አርባ ሁለት!» ብሎ ያሰራትን እስር በመዳፉ ጨብጦ ቀና አለ። ትናንት የመታሁት መዳፍ ነበር። ያችን ምት እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ስለዚህ እላችኋለሁ፦ ልጅ በእጁ ምንም ሳይኖር «አንድ ያዝ» አትበሉት። የሚይዘው አንድ አይደለም፤ አሥር ነው። አባቶቻችን በግዕዝ አኃዝ 27ን ሲጽፉ ፳፯ ብለው ነው፤ ሃያ የራሱ ምልክት አለው፤ ከሁለት ጋር አይምታታም። ዛሬ በምንጽፈው 27 ውስጥ ግን ያች 2 ሃያ የምትሆነው በቦታዋ ብቻ ነው። ለእኛ ቀላል ሆኖ የሚታየን ስለለመድነው ነው እንጂ ለሕፃን ትልቅ ምሥጢር ነው። ምሥጢሩን የሚፈታለት ሰሌዳው አይደለም፤ አሥር እንጨት በገዛ እጁ ማሰሩ ነው።

ቋንቋችንም ለዚህ ያግዛል። አሥራ አንድ ስንል አሥርና አንድ መሆኑ ይሰማል፤ ሠላሳ ውስጥ ሦስት፣ አርባ ውስጥ አራት፣ ስድሳ ውስጥ ስድስት አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ ማለቱ ያለ ነገር አልነበረም። እናንተ ግን ገና አፉን ያልፈታ ልጅ «ኢለቨን፣ ትዌልቭ» እንዲል ትደክማላችሁ፤ በዚያ ቃል ውስጥ አሥሩ ለልጁ አይሰማውም።

ሌላውን ባጭሩ ልበል። የልጃችሁን የቤት ሥራ አትሥሩለት። ስልካችሁን መደመሪያ አድርጋችሁ በፊቱ አትያዙ። የማባዣ ሰንጠረዥ በቃል ማስጠናቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጁ አስቀድሞ ቆርኪ አራት አራት አድርጎ በሦስት ረድፍ ደርድሮ 12 መሆኑን ይይ። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ስታዩም አትቆጡት፤ ጠጠር ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲያድል መቁጠር፣ ማከፋፈል፣ አስቀድሞ ማሰብ እየተማረ ነው።

መሣሪያ የለንም አትበሉኝ። እኔ አገዳና ቃጫ ነበረኝ፤ እናንተ ዲፕሎማና ዲግሪ ይዛችኋል፤ ቆርኪው በየመንገዱ ወድቋል፤ ባቄላው በየቤቱ አለ። የጎደለው ትዕግሥት ነው። ሰባ ልጅ ያለበት ክፍል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰባ ልጅ ግን ሰባት መቶ ጣት ይዞ ነው የሚመጣው።

ያችን የጎረቤቴን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስዘረጋኋት። ስምንቱን በልብሽ ያዥው አልኳትና አምስቱን በጣቷ አስከተለች። «አሥራ ሦስት» አለች፤ በሩን ግን ዞራ አየች፤ ቲቸር ታየኛለች ብላ ፈርታ ነው። ልጆቼ፣ ቁጥር ለመቁጠር በር የሚያይ ልጅ አታሳድጉ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገቡ እንደ ልማዳችሁ «እጃችሁን አሳዩ» በሏቸው። ጥፍራቸውን አይታችሁ ስትጨርሱ ግን እጃችሁን መልሱ አትበሉ፤ እንደ ተዘረጋ ይቆይና መቁጠር ጀምሩ።