ሕመምተኛዋ ስትናገርና መሣሪያው ሲለካ

የትንፋሽ ማጠር እንደ ትኩሳት በመሣሪያ የሚለካ ሳይሆን ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ስሜት በመሆኑ፣ ሥር በሰደደ የሳንባ ሕመም የተያዙ ወንዶችና ሴቶች በአካል እንቅስቃሴ ጊዜ የሚያሳዩት ልዩነት ከሕክምና ጉዳይነቱ አልፎ፣ ሰው ስለ ራሱ አካል የሚሰጠው ምስክርነት ምን ያህል ሊታመን ይገባል ወደሚለው የፍልስፍና ጥያቄ ያመራል።

ሲኦፒዲ በሚባለው፣ ማለትም የአየር ቧንቧዎች ጠብበው አየር እንደ ልብ እንዳይወጣ በሚያደርገው ሕመም የተያዙ ሴቶች፣ በምርመራ ብስክሌት ላይ ከወንዶች ጋር አንድ ዓይነት ጫና ተሰጥቷቸው ሲነዱ፣ ከ0 እስከ 10 በተከፈለውና በስዊድናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ በጉናር ቦርግ ስም በሚጠራው መለኪያ ከፍ ያለ ቁጥር ይጠራሉ። ይህን ሰምቶ «ሴት ታጋንናለች» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሴት የአየር ቧንቧ፣ ሳንባዋ በመጠን ከወንድ ሳንባ ጋር ቢስተካከል እንኳ፣ ጠበብ ያለ በመሆኑ፣ ያንኑ ያህል አየር ለማስገባትና ለማስወጣት ድያፍራም የተባለው፣ ደረትን ከሆድ የሚለየው ዋነኛ የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ከአቅሙ ጣሪያ ይበልጥ ተጠግቶ ይሠራል። ጥረቱ ከየሰው አቅም አንጻር ሲሰላ የስሜቱ ልዩነት በእጅጉ ይጠባል፤ ስለዚህ አጋነነች የተባለችው ሴት የመሰከረችው እውነቱን ነው።

ከዚህ ተነሥቶ መሣሪያን የሰው ቃል ጠላት አድርጎ መቁጠር ግን ስሕተት ይሆናል። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ለ192 የአሜሪካና የካናዳ ሐኪሞች፣ የሚያስለውና ትንፋሽ የሚያጥረው የአንድ አጫሽ ታሪክ፣ ዕድሜውና ጾታው ብቻ እየተለዋወጠ ቀረበላቸው፤ ሲኦፒዲ ነው ያሉት ሐኪሞች ሕመምተኛው ወንድ ሲሆን በዙ፣ ሴት ስትሆን ግን አነሱ። የትንፋሽን መጠንና ፍጥነት የሚለካው የስፓይሮሜትር ውጤት ሲቀርብላቸው ግን ልዩነቱ ጠበበ። ቁጥሩ በዚህ ጊዜ ያገለገለው የሴቲቱን ቃል ለመተካት ሳይሆን ሰሚውን ከአድልዎ ለማውጣት ነው። (በኢትዮጵያ ገጠር ደግሞ ሲጋራ በከንፈሯ ያልነካች፣ ዕድሜዋን ግን በማገዶና በኩበት ጭስ ውስጥ እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት፣ ስለ ትምባሆ ብቻ ከተጠየቀች ሕመሟ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል።)

አርስቶትል ፍትሕን ሲተነትን ድርሻ በተመጣጣኝነት እንጂ ለሁሉም በአንድ ልክ አይመደብም ማለቱ እዚህ ላይ ቦታ አለው። በሳንባ ተሃድሶ፣ ማለትም ሕመምተኞች በባለሙያ ክትትል ሰውነታቸውን በእንቅስቃሴ በሚያጠነክሩበት ሕክምና፣ ጫናው በየሰው አቅም ልክ ሊወሰን ይገባል፤ ሁለቱም ጾታዎች ከሕክምናው ይጠቀማሉና። በስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና መዝገብ ላይም ሕመምተኛዋ የተጓዘችው ሜትር ብቻ ሰፍሮ፣ ትንፋሿ ምን ያህል እንዳጠረ የተናገረችው ሳይጻፍ ከቀረ፣ ምርመራው ጎዶሎ ነው።