በሽታውን የሚያስደብቀው ማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ላይ ይጥላል። እኛ ዛሬ ሌላ ጥያቄ እናንሣ። ለመሆኑ ሰው በሽታውን እንዲደብቅ የሚያደርገው ማን ነው?

ጥያቄው ከሩቅ አልመጣም። እዚሁ ጉኑኖ ገበያ ላይ አንድ ወጣት የሚጥል በሽታ ተነሥቶበት ሲወድቅ አይተናል። አረፋ ሲደፍቅ ሁላችንም ወደ ኋላ ሸሸን። አንዱ ክብሪት ጭሮ አሸተተው፤ ሌላው «አትንኩት፣ ይጋባል!» አለ። ወጣቱ ሲነቃ ስለ ሕመሙ አልጠየቀም። «ማን ማን አየኝ?» ነበር ያለው። ከዚያ ወዲህ ገበያ ሲወጣ አላየነውም።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚግባቡት በረቂቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህ ኃይል በድንገት ከመጠን ሲያልፍ ሰውነት ይንቀጠቀጣል። በምራቅም ሆነ በመንካት አይተላለፍም።

ይህን ሕመም በአገራችን ካጠኑት አንዱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። እርሳቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ አንጋፋ የአንጎልና የነርቭ ሐኪም ሲሆኑ፣ በጓያ ምክንያት እግራቸው ስለሚሽመደመድ ገበሬዎችም ብዙ መርምረዋል። በሆስፒታል ተቀምጠው የሚመጣላቸውን ብቻ ቢያክሙ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ነገር ግን እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቡታጅራ አካባቢ ገጠር 60,820 ሰዎችን ያካተተ የቤት ለቤት ጥናት አካሄዱ። የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኙ። በ1990 እ.ኤ.አ. እንደታተመው፣ ከእነዚህ ውስጥ የታወቀውን ዘመናዊ መድኃኒት አግኝተው የነበሩት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እስቲ እናስተውል። ከመቶው ሁለት እንኳ አልሞሉም! የቀሩትን ሐኪሙ በር ባያስንኳኳ ኖሮ ማን ይቆጥራቸው ነበር?

«እኛ ፈራን እንጂ አልጠላንም» የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥ ፍርሃትና ጥላቻ ይለያያሉ። ለወደቀው ግን ልዩነት የላቸውም። ምድጃ አጠገብ የወደቀን ልጅ ጎረቤቱ ፈርቶም ይሁን ጠልቶ ካላነሣው፣ እሳቱ ያው እሳት ነው። ባለማወቅ ያደረግነው ይቅር ይባልልን ይሆናል። ካወቅን በኋላ መሸሽ ግን የራሳችን ዕዳ ነው።

«ታዲያ ጸሎትስ?» ለሚልም፣ ጸሎትና መድኃኒት ጠበኞች አይደሉም እንላለን። ለወንድሙ የሚጸልይ ክኒኑንም ያስታውሰው። ፌኖባርቢታልን የመሰለ ዋጋው ርካሽ የሆነ መድኃኒት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በሚገባ ከታከሙ ከመቶው እስከ 70 የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

ሁላችንም የነርቭ ሐኪም አንሆንም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንኳ በዚህ ሙያ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ይሁን እንጂ ሰው ሲወድቅ እሳትና ድንጋይ ከአጠገቡ ለማራቅ፣ ከራሱ ሥር ልብስ ለማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ለማስተኛት ዲግሪ አያስፈልግም። አፉ ውስጥ ምንም አንክተት፤ በኃይልም አንያዘው። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም እናድርሰው።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ በሽታውን የሚያስደብቀው የእኛ ሽሽት ከሆነ፣ መድኃኒቱም ከእኛ መቅረብ ይጀምራል። የዚያን ወጣት ቤት እናውቀዋለን። በዚህ ሳምንት ሄደን በሩን እናንኳኳ።