የአባት ስጦታና የልጅ ዕዳ

ልጁን ያስራበ፥ ያለ ምክንያት የደበደበ ወይም ጥሎት የኰበለለ አባት ልጁ ቢርቀው ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። ለልጁ ከጠየቀው አብልጦ የሰጠ፥ ሌሊትና ቀን ስለ እርሱ ያሰበ አባት ልጁን ቢያጣውስ ምን እንላለን? ልጁን ውለታ ቢስ ብለን እንፈርድበታለን? ወይስ ስጦታውን ራሱን እንመረምራለን?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብን እ.ኤ.አ. በ2006 በሕንድ ሀገር በቴሉጉ ቋንቋ የተሠራ «ቦማሪሉ» የተባለ ፊልም ነው። የሕንድ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው በሂንዲ የሚሠራውን ነው፤ ይሁን እንጂ በሕንድ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የሚናገሩት ቴሉጉም በሃይደራባድ ከተማ ዙሪያ የተደራጀ የራሱ ሰፊ የፊልም ሥራ አለው። «ቦማሪሉ» ለአዘጋጁ ለባስካር የመጀመሪያ ሥራው ነበረ፤ ከዚያ ወዲህም የፊልሙ ስም ከራሱ ስም ጋር ተጣብቆ «ቦማሪሉ ባስካር» ሲባል ይኖራል። ቃሉ በቴሉጉ የአሻንጉሊት ቤት ማለት ነው።

ታሪኩ በባሕር ጠረፍ ይጀምራል። ገና መቆም የጀመረ ሕፃን በአሸዋው ላይ የመጀመሪያ እርምጃውን ሲሞክር አባቱ እጁን ይዞታል። ተራኪው አባት ሕፃን ልጁን ደግፎ ሊይዘው እንደሚገባ ከተናገረ በኋላ፥ ልጁ 24 ዓመት ሲሞላውስ እጁን እንደ ያዘ ሊቀር ይገባዋልን? ሲል ይጠይቃል። ወዲያውም ያ ሕፃን ጐልማሳ ሆኖ፥ በቍጣ ተሞልቶ፥ በዓለም ያሉትን አባቶች ሁሉ ሲራገም እናገኘዋለን። ምን በድለውህ ነው? ተብሎ ቢጠየቅ፥ አባቴ ከምጠይቀው በላይ ስለሚሰጠኝ ነው የሚል መልስ ይሰጣል።

ይህ መልስ በመጀመሪያ ሲሰሙት የተንደላቀቀ ልጅ ማጕረምረም ይመስላል። እኛም እንዲሁ መስሎን ነበር። አባትየው አራቪንድ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ያላቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። የልጃቸውን የሲዱን ልብስ ይመርጡለታል፤ የጠጕሩን አቈራረጥ ይወስኑለታል፤ በድርጅታቸው ውስጥ እንዲሠራ ይፈልጋሉ፤ በመጨረሻም ፈቃዱን ሳያገኙ ሱቡላክሽሚ የተባለች ልጃገረድ ያጩለታል። ክፉ ሰው ግን አይደሉም። ይህን አባት ሆኖ የተጫወተው ፕራካሽ ራጅ በ2008 ታሪኩ በታሚል ቋንቋ እንደ ገና ሲሠራም ያንኑ ቦታ ይዟል። ሲዱ ቤቱን ጥሎ አልሄደም፤ ከአባቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል። መለያየታቸው በርቀት የማይለካ በመሆኑ አባትየው ልጃቸውን እንዳጡት እንኳ አያውቁም።

ጥንታዊው ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፉ፥ አባት ልጁን ሊክድ ይችላል፥ ልጅ ግን አባቱን ሊክድ አይገባውም ይላል። ምክንያቱም ባለዕዳ ዕዳውን መክፈል አለበት፤ ልጅም ምንም ቢያደርግ ከአባቱ ከተቀበለው ጋር የሚተካከል ነገር መክፈል ስለማይችል ዘወትር ባለዕዳ ነው። አባባሉ ከባድ እውነት አለበት። ሕይወትን ያህል ነገር የተቀበለ ሰው «ሒሳባችን ተዘጋ» ብሎ ሊነሣ አይችልም። ነገር ግን ከቶ ተከፍሎ የማያልቅ ዕዳ በአበዳሪው እጅ ሲያዝ አስፈሪ ይሆናል። ዕዳውን በየቀኑ፥ ዛሬ በሸሚዝ፥ ነገ በሥራ፥ ከነገ ወዲያ በሚስት እያስታወሱ ሲጠይቁበት ስጦታ መሆኑ ይቀራል።

በዚያው በሕንድ ሀገር በጥንታዊው የቬዳ ትምህርት ውስጥ ስለዚሁ ነገር ሌላ አስተሳሰብ እናገኛለን። በመጀመሪያ ስለ ብራህማን ወገን የተነገረ ቢሆንም፥ ሰው ሲወለድ ሦስት ዕዳ ይዞ ይወለዳል ይላል፤ ለጠቢባን፥ ለአማልክትና ለአባቶች። የጠቢባን ዕዳ በትምህርት፥ የአማልክት በመሥዋዕት፥ የአባቶች ደግሞ ልጅ በመውለድ ይከፈላል። የመጨረሻውን ልብ እንበል። ለአባት ያለብን ዕዳ ወደ ኋላ ተመልሶ ለራሱ ለአባት አይከፈልም፤ ወደ ፊት፥ ገና ላልተወለደው ያልፋል። እንግዲያውስ አባት ዕዳው እንዲከፈለው ከፈለገ ልጁ ሙሉ ሰው ሆኖ እንዲቆም መፍቀድ ግድ ይሆንበታል። አሻንጉሊት አባት ሊሆን አይችልምና። ልጁን በሕፃንነት የያዘ አባት፥ እኛ እንደሚመስለን፥ የሚገባውን ክፍያ በገዛ እጁ የሚያግድ ነው።

ይህን ስንል ልጁን ነጻ ማውጣታችን አይደለም። ሲዱ ለአባቱ መናገር የሚገባውን ነገር በስካር ለሌሎች ይናገራል፤ በአባቱ ፊት ግን ተቃውሞውን እስከ መጨረሻው ሳይገፋበት ለማይፈልገው ጋብቻ ይታጫል። ይህ ታዛዥነት ነውን? እውነተኛ ልቡን የሚሰውር ልጅ አባቱን እውነት ሊሰማ እንደማይችል ሰው መቍጠሩ ስለ ሆነ፥ በአክብሮት ስም የተደረገ ንቀት ይመስለናል። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ይባላል፤ አራቪንድ ግን ንፍጡን ከቶ አላዩትም፤ ልጁ ራሱ ጠርጎ ቀርቦላቸዋልና።

ሲዱ ሃሲኒ የምትባል የምህንድስና ተማሪ ይወዳል። ቤተሰቡ ቀርቦ ቢያውቃት ይወዳታል ብሎ አስቦ ለአንድ ሳምንት በቤታቸው እንድትቀመጥ ያደርጋል። በእኛ አስተያየት የታሪኩ ጥልቅ ነገር ያለው በዚህ ሳምንት ውስጥ ነው። ሃሲኒ ሣቋን የማትገታ፥ የመጣላትን የምትናገር ልጅ ናት፤ ሲዱም የወደዳት ስለዚሁ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ወደ አንድ ሠርግ ሄዳ እንደ ልማዷ ስትጫወት ግን፥ ከሠርጉ በኋላ ሲዱ ራሱ ይገሥጻታል። እርሷም፥ አንተ ያ የማውቀው ሰው አይደለህም፥ በዚህ ቤትም እያስመሰልሁ መኖር አልችልም ብላ ትሄዳለች። ሲራገመው የኖረው አባት በራሱ አንደበት ተናገረ። ዕዳው ወደ ፊት የሚያልፍ ከሆነ እንዲህም ያልፋል ማለት ነው፤ ስጦታው ብቻ ሳይሆን እጅ አለመልቀቁም ይወረሳል። አባቱን በመጥላት ብቻ ከአባቱ ጥፋት አመልጣለሁ የሚል ሁሉ ይህን ክፍል ደጋግሞ ቢያየው መልካም ነው።

በፊልሙ የምንነቅፈው ነገር አለ። ሃሲኒ ወደዚያ ቤት የመጣችው ለአባቷ የትምህርት ቤት ጉዞ አለብኝ ብላ ዋሽታ ነው፤ ተመልሳ የአባቷን እምነት ለማደስ ብትደክምም፥ በአንድ ቤት እውነት እንዲነገር በሌላው ቤት ውሸት መነገሩ ያሳዝናል። ይልቁንም ሱቡላክሽሚ፥ ያለ ጥፋቷ ታጭታ ያለ ጥፋቷ የተተወችው፥ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ ይገባት ነበር።

ዝምታውን በመጀመሪያ የሰበሩት እናቲቱ ላክሽሚ ናቸው፤ ባላቸውን ስለ ልጃቸው ፍላጎት ይጠይቋቸዋል። በዚህ ጊዜ ሲዱ ለዓመታት የያዘውን ሁሉ ያፈስሳል። ርግማን ግን የለበትም፤ የሚነግራቸው ያጣውን ነው። አራቪንድም ይሰማሉ፤ ይጸጸታሉም።

ከዚያ በኋላ አራቪንድ ወደ ሃሲኒ አባት ወደ ካናካ ራኦ ይሄዳሉ። እኒህ ሰው ሲዱን ቀደም ሲል ሰክሮ ያዩት ናቸውና ልጃቸውን ለመስጠት እምቢ ይላሉ፤ በምሬት የተጠጣው መጠጥ ተመልሶ ዋጋ ያስከፍላል። አራቪንድ ስለ ልጃቸው ጠባይ ብዙ ሊከራከሩ ይችሉ ነበር። ከዚያ ይልቅ፥ ልጄ ለአንድ ሳምንት በእናንተ ቤት ይቀመጥ፥ ራሳችሁ እዩት ይላሉ። በዚያ ቤት ልብሱን የሚመርጡለት፥ ንግግሩን የሚያርሙለት እርሳቸው አይደሉም። ሳምንቱ እንዴት እንደሚያልፍም አያውቁም።