የአባት ክብር የሚወረስ ከሆነ ዕዳውስ?

በእጅ እየጻፍን ከቤት ወደ ቤት በምናዞራት በዚህች ጽሑፍ ላይ ስለ ቅድመ አያት ማንሣት ለአንዳንዶቻችሁ የጥጋብ ወሬ ይመስላችሁ ይሆናል። ራሽን በዘገየበት፣ ዝናብ ሸራችንን በሚያንኳኳበት በዚህ በጎሮም ስለ ሞተ ሰው ምን ያናግራል ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ነገር ግን ሰው ከአገሩ ሲወጣ ይዞት የሚወጣው ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም አንዱ «የማን ልጅ ነህ?» ለሚሉት የሚሰጠው መልስ ነው። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚህ መልስ ነው። ጥያቄዬም አጭር ናት፤ የአባት ክብር የሚወረስ ከሆነ ዕዳውስ አይወረስምን?

በቤታችን ሲነገር ሰምቼ ያደግሁት ታሪክ እንዲህ ነው። የአባቴ አያት የደጃዝማች ተሰማ ናደው ወታደር ነበሩ። ከጎሬ ተነሥተው ወደ ቆላው ወረዱ፤ ነጭ ዓባይ ደረሱ፤ ሰንደቅ ዓላማችን በወንዙ ዳር ሲተከል ቆመው አዩ፤ በውኃውም ፊታቸውን ታጠቡ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ይህን ሲናገር ድምፁ ይለወጥ ነበር። እኔም ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ወጥቼ ማስተማር ስጀምር ለተማሪዎቼ በኩራት ነግሬአቸዋለሁ። ስደት ወደዚህ አገር ሲያመጣኝም በልቤ «ቅድመ አያቴ ወደ ደረሱበት ወንዝ መጣሁ» አልሁ።

ታሪኩ መሠረት የሌለው አይደለም። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ልጥቀስ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በጻፉት ደብዳቤ ግዛታቸው እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ እንዲደርስ እንደሚሹ አስታውቀው ነበር። ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም.፣ ሠራዊቶች በየአቅጣጫው ወደ ጠረፍ ወጡ። ራስ መኰንን ወደ ቤኒ ሻንጉል፣ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ደጃዝማች ተሰማ ደግሞ ወደ ነጭ ዓባይ ዘመቱ። ከደጃዝማች ተሰማ ጋር ፈረንሳዮችና አርታሞኖፍ የሚባል የሩሲያ ኮሎኔል ነበሩ። አብዛኛው ሠራዊት በቆላው ትኩሳት ተይዞ ከኋላ ሲቀር፣ የተመረጠው ጓድ በሰኔ ወር ሶባት ከነጭ ዓባይ ወደሚገናኝበት ቦታ፣ ከዛሬው ማላካል አጠገብ ደረሰ፤ ሰንደቅ ዓላማም ተተከለ። ነገር ግን ሰውም ስንቅም ስላለቀ ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። ከምዕራብ በኩል ሊገናኛቸው ይመጣ የነበረው የፈረንሳዩ ማርሻን ፋሾዳ የገባው እነርሱ ከሄዱ በኋላ፣ በሐምሌ ነው። በመስከረም 1891 ደግሞ የእንግሊዙ ኪችነር መጣ። ከዚያም ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ድንበሩ ተሰመረ፤ እንግሊዞችም በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ በኪራይ ተፈቀደላቸው፤ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ የተቆረቆረው በዚህ ውል ነው። እንግዲህ እኛ በእግራችንና በመኪና የተሻገርነው መስመር በዚያ ዘመን ሰዎች እጅ የተሰመረ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ «መምህር፣ ቅድመ አያትዎ እዚያ ለመኖራቸው ማስረጃ አለዎት?» ሲል ጠየቀኝ። ማስረጃ ጠይቁ ብዬ ያስተማርሁት እኔው ስለሆንሁ መቆጣት አልቻልሁም። ፍለጋዬም ተጀመረ።

የጠረፍ ወታደርን መፈለግ ቀላል አይደለም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የዘመናዊ ጦር አባሎች ስለነበሩ ስማቸውና ማዕረጋቸው በመዝገብ ሰፍሯል። የ1890ው ወታደር ግን ደመወዙ ገንዘብ አልነበረም፤ በመሬትና በገባር ነበር የሚከፈለው። ስለዚህ አገልግሎቱ የሚገኘው በጦር መዝገብ ሳይሆን በመሬት ወረቀት ላይ ነው። ይህን ነገር አስተውሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አገር ቤት ያለችው እኅቴ ከአክስታችን ሣጥን ያገኘችውን ሁሉ በስልክ ፎቶ እያነሣች ላከችልኝ። ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው የቅድመ አያቴ ዳዊት ነው። በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ የልጆች ክርስትና ቀንና የሞቱ ሰዎች ተዝካር ተጽፏል፤ ከዚያም መካከል ስለ ዘመቻው አራት መሥመር አለ። ሁለተኛው የማደሪያ መሬት ወረቀት ነው። ሦስተኛው ከ1934ቱ የመሬት ግብር አዋጅ በኋላ የተከፈለበት፣ መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ የተመደበበት የግብር ደረሰኝ ነው።

አራቱን መሥመር አጉልቼ ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። ቅድመ አያቴ ከደጃዝማች ጋር መውረዳቸውን ይናገራል። ግን ሶባት ዳር በትኩሳት ወድቀው ከሕመምተኞች ጋር ቀሩ እንጂ ነጭ ዓባይን አላዩም። ሰንደቅ ዓላማ ሲተከልም አልነበሩም። ፊታቸውን የታጠቡበት ውኃ የለም።

ሁለት ቀን አዘንሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ሐዘኔ ወደ ሌላ ስሜት ተለወጠ። አባቴ የነገረኝን ጀግና አላውቀውም ነበር፤ በረግረግ ዳር በወባ እየተንቀጠቀጠ፣ ጓደኞቹ ጥለውት ሲሄዱ የሚያይ ሰው ግን አውቃለሁ። በዚህ ሠፈር ወባ ያልያዘው ማን አለ? ቅድመ አያቴን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ወደድኋቸው። እውነት የወሰደብኝ ነገር አለ፤ የሰጠኝ ግን ይበልጣል።

ወደ ሁለተኛው ወረቀት ልመለስ። አንድ ምሽት ጎረቤቶቼ ቡና ጠርተውኝ ሳለ ይህን ወረቀት ጮክ ብዬ አነበብሁ። የቅድመ አያቴ ስም ከነአባታቸው አለ፤ የአለቃቸው ስም አለ፤ የመሬቱ ወሰን በወንዝና በዛፍ ተጠቅሷል። ከዚያም በአጭሩ «ገባር 7» ይላል።

ከመካከላችን ከጎሬ ወገን የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ሲኒውን አስቀመጡና «መምህር፣ ሰባቱስ ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ።

ወረቀቱን ገለበጥሁት። የለም። የዛፉ ስም ተጽፏል፤ የሰዎቹ ስም አልተጻፈም። ሰባቱ ገባሮች እህልና ማር የሚያገቡ፣ እንጨት የሚለቅሙ፣ አጥር የሚያጥሩ፣ ሚስቶቻቸው ዱቄት የሚፈጩ ሰዎች ነበሩ፤ በወረቀቱ ላይ ግን አንድ ቁጥር ናቸው። ከ1934 ወዲህ ባሉት ደረሰኞች ላይ ደግሞ ቁጥራቸውም ጠፍቶ መሬቱ ብቻ ቀርቷል።

አንድ የአኙዋ ሽማግሌም አብረውን ነበሩ። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በወገኖቻቸው ላይ ግድያ በተፈጸመ ጊዜ ወደ ፖቻላ ከሸሹት አንዱ ናቸው። ብዙ አይናገሩም። «ልጄ፣ የእኛም ሰዎች ስለ ሠራዊት ማለፍ ይናገራሉ። እኛ ግን ሰንደቅ ዓላማውን አይደለም የምናስታውሰው፤ ሠራዊቱ ካለፈ በኋላ ጎተራው ባዶ መሆኑን ነው» አሉ። ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። ለዓመታት በኩራት ስተርከው የነበረውን ታሪክ እኚህ ሰው አጠገቤ ተቀምጠው ይሰሙት እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከራሴ ጋር ስከራከር ከረምሁ። ሦስት መልሶች መጡልኝ።

የመጀመሪያው፣ «እኔ አላደረግሁትም» የሚለው ነው። ትክክል ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ18ኛው ምዕራፍ ልጅ በአባቱ ኃጢአት እንደማይጠየቅ ያስተምራል። ከአያቱ የተነሣ ሰውን ጥፋተኛ ማድረግ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል? ከመካከላችን ብዙዎቹ ቤታቸውን ጥለው የወጡት «የእነ እገሌ ዘር» ተብለው ነው። ስለዚህ ጥፋት አይወረስም፤ በዚህ አልደራደርም። ነገር ግን ይህ መልስ አንድ ቀዳዳ አለው። ጥፋቱን ያላደረግሁት ከሆነ ጀግንነቱንስ መቼ አደረግሁት? «ደረስን፣ ተከልን» እያልሁ ስናገር፣ ስለ ገባሮቹ ሲሆን «እነርሱ አደረጉ» ማለት አይገባኝም። አንድ «እኛ» ለድግሱ፣ ሌላ «እነርሱ» ለሒሳቡ አይሆንም።

ሁለተኛው፣ «ዘመኑ እንደዚያ ነበር» የሚለው ነው። ይህም ከፊል እውነት ነው። ቅድመ አያቴ ሥርዓቱን አልፈጠሩትም፤ ድሀ ወታደር ነበሩ፤ መሬቱን ባይቀበሉ የሚበሉት አልነበራቸውም። ሆኖም ዘመኑ ዕውር አልነበረም። በዚያው በ1890 ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር የዘመተው የሩሲያው መኮንን ቡላቶቪች ያየውን መከራ በመጽሐፉ ጽፏል፤ ቆስሎ የተጣለ አንድ ሕፃንም አንሥቶ አሳድጎታል። እርሱም ራሱ ለዘመቻው ያገለገለ ነበር፤ ግን ዓይኑ ያይ ነበር። በዘመኑም ከሁሉ በላይ የሚያዩ ነበሩ፤ እነርሱም ሰባቱ ናቸው። «ዘመኑ» ስንል የማንን ዘመን ነው የምንለው? ገባሩም በዚያው ዘመን ኖሯል።

ሦስተኛውን መልስ ያገኘሁት ካልጠበቅሁት ቦታ፣ ከሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወራሽ የሟቹን ዕዳ ከወረሰው ንብረት በላይ ከኪሱ እንዲከፍል አያስገድደውም። የውርሱን ያህል ግን ዕዳው ይቀድማል። ይህ ብልኅ ሐሳብ ነው፤ የዕዳህን ልክ ለማወቅ አስቀድመህ የወረስኸውን ቍጠር ይላልና።

እኔ ምን ወረስሁ? መሬቱ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ከቤተሰባችን ወጥቷል፤ መውጣቱም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በፊት አያቴ ከዚያው መሬት ቡና እየሸጠ አባቴን ትምህርት ቤት አስገባው። አባቴ ስለ ተማረ እኔም ተማርሁ። ዛሬ ይህን የምጽፍበት ፊደል ከሰባቱ ገባሮች ድካም የተቀዳ ነው። መሬት ሲወረስ ፊደሉ ከእኔ አልተወረሰም፤ ድንበር ሳቋርጥም አብሮኝ ተሻግሯል። ውርሴ ይህ ነው፤ ዕዳዬም እስከዚህ ድረስ ነው። በደም የሚከፈል አይደለም፤ አንገት በመድፋትም አይከፈልም። የተቀበልሁት ትምህርት ስለሆነ የምከፍለው በማስተማርና ሙሉውን በመናገር ነው።

ሙሉውን ስል ትኩሳቱንም፣ ሰንደቅ ዓላማውንም፣ ጎተራውንም ማለቴ ነው። አንዱን አንሥቶ ሌላውን መጣል ልጆቻችንን እንደገና ማጣላት ነው። በዚህ ሠፈር አንድ ጥላ ሥር የማስተምራቸው ልጆች የወታደሩም፣ የገባሩም፣ ጎተራው የተራቆተበትም ሰው የልጅ ልጆች ናቸው። እኛም ዛሬ በራሽን ካርድ ላይ «የቤተሰብ ብዛት» ተብለን በቁጥር ተጽፈናል። ቁጥር መሆን ምን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ መምህር አያስፈልገንም።

ስለዚህ አንድ ነገር አሳስባለሁ። በሚቀጥሉት ጽሑፎቻችን አንድ ገጽ ለአያቶች ይሁን። ያገለገለውም፣ የተገለገሉበትም፣ ፈቃዱ የሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ስም ያስመዝግብ። ያቺ እናት የእርሳቸውን ቅድመ አያት ስም ነግረውኛል፤ በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ ፈቃዳቸውን ሳልጠይቅ እዚህ አላወጣውም።

በመጨረሻ ለአክስቴ ስልክ ደወልሁ። አያታቸው ነጭ ዓባይን እንዳላዩ ስነግራቸው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም «እንግዲህ አንተ አየህላቸዋ» አሉኝ። እኔም «እትዬ፣ ከሰባቱ ገባሮች የአንዱን እንኳ ስም ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አሁንም ዝም አሉ። ቆይተው አንድ ስም ነገሩኝ፤ የልጅ ልጁ የክርስትና እናታቸው ነበሩና ያስታውሱታል።

ጻፍሁት። ስድስት ቀሩኝ።