የእውነት ጌታ የሚባል ሰው

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። መልአኩ ሕንድም ድረስ ሄዶ እንደሚሠራ ያወቅሁት ግን ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ቢሮ የምንጋራ አንድ ሕንዳዊ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ከአገሩ በፖስታ የሚላክለት ጋዜጣ ሁልጊዜ ሁለትና ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። እሱ ግን እንደ ትኩስ ወሬ ቆጥሮ፣ ማስታወቂያውን ሳይቀር አንድ በአንድ ያነበዋል። በ1996 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን ጋዜጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዝም አለ። ምነው? አልኩት። ቢሃር በሚባለው ክፍለ አገር አንድ ወጣት የመንገድ መሐንዲስ መገደሉን ነገረኝ። ሰውየው ስለ መንገድ ሥራው ሌብነት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽፎ ነበር።

«ስሙ ሳትዬንድራ ነው» አለኝ። «ሳትያ እውነት ነው፣ ኢንድራ ጌታ። የእውነት ጌታ ማለት ነው።» ይህን ብሎ ጋዜጣውን አጣጥፎ ወደ ክፍል ሄደ።

ስሙ ከእኔ ጋር ቀረ። የእኛ ሰው ልጁን «እውነቱ» ብሎ ሲሰይም ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለሚሰማው ሁሉ የሚናገረው ነገር አለው። ሂንዱውም እንዲሁ ነው። ኢንድራ በጥንቱ እምነታቸው የአማልክት ንጉሥ ነው፤ በሌላ ስም ጫፍ ላይ ሲቀጠል ግን አለቃ፣ የበላይ እንደ ማለት ይሆናል። ሳትያ ደግሞ ሕንዶች የትም የሚያነሡት ቃል ነው። ጋንዲ ትግሉን የጠራበት ሳትያግራሃ ከዚሁ ቃል የተሠራ ነው፤ እውነትን አጥብቆ መያዝ። አገሪቱ በ1950 ሪፐብሊክ ስትሆን ዓርማዋ ሥር ያስጻፈችው መሪ ቃልም የሚጀምረው በሳትያ ነው። (ዘመኑን ከዚህ በኋላ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።) መንግሥት ለዜጋው የሚጽፈው ደብዳቤ ሁሉ በዚህ ዓርማ ነው የሚወጣው። እውነት እዚያ አገር ማኅተም ላይ አለች።

ስሙን የያዙ ሰዎችን ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ሳትዬንድራናት ታጎር የባለቅኔው የራቢንድራናት ታላቅ ወንድም ነበር፤ እንግሊዞች ሕንድን የሚያስተዳድሩበትን የሲቪል ሰርቪስ ፈተና በ1863 ያለፈ የመጀመሪያው ሕንዳዊ እሱ ነው። ሳትዬንድራ ፕራሳና ሲንሃ ጠበቃ ነበር፤ በ1919 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የገባ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሆነ። የእውነት ጌታ የእንግሊዝም ጌታ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ በክብር ልለፋቸው። እኔን የያዘኝ ሦስተኛው ነው።

ሦስተኛው ሳትዬንድራናት ቦሱ ይባላል። በ1908 ካልካታ፣ አሊፖር እስር ቤት፤ ቅኝ ገዥውን በቦምብ ለማባረር አድማችኋል የተባሉ ወጣቶች ታጉረዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ ናሬን ጎስዋሚ፣ ለመንግሥት ምስክር ሆኖ በጓደኞቹ ላይ ቃሉን መስጠት ጀመረ። ቦሱ እኔም ልመሰክር እፈልጋለሁ ብሎ አስመሰለ። ጎስዋሚ አምኖ ቀረበው። ነሐሴ ማብቂያ ላይ በእስር ቤቱ ሆስፒታል ውስጥ ቦሱና ካናይላል ዳታ የሚባል ጓደኛው በድብቅ በገባ ሽጉጥ ገደሉት። ሁለቱም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ተሰቀሉ። የሟቹ ቃል መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብበት ስላልቻለ ዋጋ አጣ፤ ከዋነኞቹ ተከሳሾች አንዱ አውሮቢንዶ ጎሽ በዓመቱ በነጻ ተለቀቀ። ቦሱ ዛሬ በአገሩ ሰማዕት ነው።

እንግዲህ ይታያችሁ። የእውነት ጌታ የሚባል ሰው፣ እመሰክራለሁ ብሎ ዋሽቶ፣ ምስክርን ገደለ። ጎስዋሚ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር ብንል እንኳ ሐዘናችን ለእሱ አይሆንም። ለምን? እውነቱን ለማን እንደ ሰጠው ስለምናውቅ ነው። ለገመድ ነው የሰጠው። አማርኛችን እዚህ ላይ ያስቸግረኛል። «ጠቋሚ» የሚለው ቃል ጎስዋሚንም ያንን መሐንዲስም በአንድ ከረጢት ይከታል። የእኛው የ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 699 የወንጀል ምስክሮችንና ጠቋሚዎችን ይጠብቃል ይላል፤ ሕጉ ቃሉን ሊያጥበው ሞክሯል። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ግን «ጠቋሚ» ሲባል የሚታየው ሌላ ነው፤ የቀበሌ አዳራሽ፣ የታጠፈ ወረቀት፣ ሌሊት የሚንኳኳ በር።

ባልደረባዬን ስለ እውነትና ስለ ስም ስነዘንዘው አንድ ቀን የማሃባራታን ታሪክ ነገረኝ። ዩዲሽቲራ የሚባል ንጉሥ ነበረ፤ በዕድሜው ዋሽቶ አያውቅም። ከንጽሕናው የተነሣ ሠረገላው መሬት ሳይነካ አራት ጣት ከፍ ብሎ ይሄዳል። በጦርነቱ የሁሉም መምህር የነበረው ድሮና በጠላት ወገን ቆሞ አልቻሉትም። መላው ምን ይሁን? ልጁ አሽዋታማ ሞተ ቢባል ድሮና መሣሪያውን ይጥላል። ልጁ ግን አልሞተም። ስለዚህ አሽዋታማ የሚባል አንድ ዝሆን ገደሉና «አሽዋታማ ሞተ» ብለው ጮኹ። ድሮና አላመነም፤ ዩዲሽቲራን ጠየቀ። ዩዲሽቲራም አዎ፣ ሞቷል አለ። ዝሆኑን መሆኑን በለሆሳስ ጨመረ፣ ማንም እንዳይሰማው አድርጎ። ድሮና መሣሪያውን ጣለ፣ ተገደለ። ሠረገላውም ያን ጊዜ ወርዶ እንደ ማንኛውም ሠረገላ መሬት ነካ።

ለአንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር ከዚህ በላይ ምን ይሰጡታል! ውሸቱ የተሠራው በስም ነው። ቃሉ አንድ በአንድ ቢመዘን እውነት ነው፤ የሚሰማው ሰው ግን ተገድሎበታል።

አሁን ወደ መሐንዲሱ ልመለስ። ሙሉ ስሙ ሳትዬንድራ ዱቤይ ነው። (የቤተሰብ ስሙ በእነሱ ዘንድ ሁለት ቬዳ ካጠኑ አባቶች መወለድን ያመለክታል፤ ለእኛ ጆሮ ግን ያው የምታውቁት የሱቅ ዱቤ ነው የሚመስለው።) የቢሃር ገጠር ልጅ ነው፣ አባቱ በስኳር ፋብሪካ ትንሽ ጸሐፊ ነበሩ። ከዚያ ቤት ወጥቶ ካንፑር ካለው ስመ ጥር የቴክኖሎጂ ተቋም በ1994 በሲቪል ምህንድስና ተመረቀ። ሥራው ዴልሂን፣ ሙምባይን፣ ቼናይንና ካልካታን የሚያገናኘው የ5,846 ኪሎ ሜትር አውራ ጎዳና ላይ ነበር፣ ቢሃርን በሚያቋርጠው ክፍል። የተበላሸ ስድስት ኪሎ ሜትር መንገድ ተቋራጩን እንደገና አሠርቶታል ይባላል። ያየው ነገር ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆንበት በ2002 ኖቬምበር ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጻፈ፤ ሥራው አቅም ለሌላቸው ትንንሽ ተቋራጮች እየተቸበቸበ፣ የሕዝብ ገንዘብ እየተዘረፈ ነው ብሎ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ደብዳቤው ላይ ስሙን አልጻፈም። ስም የሌለው ደብዳቤ ግን ቅርጫት እንደሚገባ ያውቃል፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነዋ። ስለዚህ ስሙንና ማንነቱን በሌላ ወረቀት ለብቻው ጽፎ አያያዘው፤ ስሜ እንዳይወጣ አደራ ብሎ። ደብዳቤው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ወደ ሚኒስቴሩ ተመራ። ሁለተኛዋም ወረቀት አብራው ተመራች። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስትዞር ባረፈችበት ሁሉ ስሙ ተነበበ።

በ2003 ኖቬምበር 27 ከሠርግ ሲመለስ ጋያ ከተማ ባቡር ጣቢያ ሳይነጋ ወረደ። ሊወስደው የነበረው መኪና አልመጣም። በሪክሾ ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። እኛ «እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር» እንላለን። እሱ የመሸበት አላደረም፤ ጉዞ ላይ ነጋበት፣ ያውም ሙሉ በሙሉ አልነጋለትም። መርማሪዎቹ የዝርፊያ ሙከራ ነው አሉ። በ2010 ሦስት ሰዎች ተፈረደባቸው። ብዙ ሕንዶች ይህን ማብራሪያ ዛሬም አይቀበሉትም። እኔ ዳኛ አይደለሁም። ገዳዮቹ ተራ ቀማኞች ቢሆኑ እንኳ ያቺ ሁለተኛ ወረቀት ስትዞር መክረሟ አይፋቅም።

ሌላ ሳትዬንድራም ደብዳቤ ጽፎ ነበር። እንዲያውም ከሁሉም ዝነኛው እሱ ነው። በ1924 ዳካ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ የዶክትሬት ዲግሪ የሌለው፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሳትዬንድራናት ቦዝ የሚባል ሰው የብርሃን ቅንጣቶችን ስለ መቁጠር አንድ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቶ በርሊን ለአልበርት አይንስታይን ላከው። አይተዋወቁም። ስሙ ለአይንስታይን ምንም አይነግረውም። አይንስታይን ጽሑፉን አነበበው፣ ልክ ሆኖ አገኘው፣ ራሱ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ በቦዝ ስም አሳተመለት። የላከለት ፖስት ካርድም ዩኒቨርሲቲው የሁለት ዓመት የትምህርት ፈቃድ እንዲሰጠው አገዘው። ኖቤል ግን ሳያገኝ በ1974 ሞተ። ዲራክ የሚባለው እንግሊዛዊ ፊዚሲስት አንድ የቅንጣት ወገን በሙሉ «ቦዞን» ብሎ ሰይሞለታል። በ2012 ጄኔቫ አጠገብ ተገኘ ተብሎ ዓለም ያጨበጨበለት ቅንጣት የቤተሰብ ስሙ ከዳካው መምህር የመጣ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ማለት እንዲህ ነው።

ሁለት ሳትዬንድራ፣ ሁለት ደብዳቤ። አንዱን የተቀበለው ሰው ይዘቱን አነበበና ስሙን ከፍ አደረገ። ሌላውን የተቀበለው ቢሮ ስሙን አነበበና ይዘቱን ወደ ጎን አለው። አውቃለሁ፣ ፊዚክስና ሙስና አንድ አይደሉም፤ ቀመር ጠላት የለውም። ሆኖም ስሚንቶም ይለካል እኮ! መንገዱ ተቆፍሮ ሊታይ ይችል ነበር። ውፍረቱን ለማወቅ የጻፈው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

«ስሙን የማይጽፍ ፈሪ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔም ከእነሱ ወገን ነበርኩ፣ ያለምክንያትም አይደለም። ስም በሌለው ወረቀት ስንት ቤት እንደ ፈረሰ ያየ ትውልድ ነን። ለሐሰቱ የሚጠየቅ ሰው ሊኖር ይገባል። የሕንድ መንግሥት ከዱቤይ ሞት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲወተውተው በ2004 ያወጣው ደንብም፣ በ2014 የጸደቀውና ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል የቆየው ሕግም ስም የሌለው ጥቆማ አይቀበሉም። ስምህን ስጥ፣ እኛ እንደብቅልሃለን ነው የሚሉት። ዱቤይም ያደረገው ይህንኑ ነበር፣ ሕጉ ሳይወጣ በፊት። ስለ እሱ ስናወራ ግን ሁልጊዜ ድፍረቱን ነው የምናነሣው። የተናጋሪውን ድፍረት ማድነቅ ለእኛ ለሰሚዎቹ ይመቸናል፣ ምንም አያስከፍለንም። ስም የሰጠ ሰው ዕዳ ነው የተወልን፤ ዱቤው ያለው በሰሚው ደብተር ላይ ነው።

ይህን የምለው በሌላ ሰው ላይ ብቻ ለመፍረድ አይደለም። ያ ጋዜጣ ከመጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ክፍላችን በር ላይ በተሰቀለው የሐሳብ መስጫ ሣጥን ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተገኘች። ስም የለባትም። መምህሩ የፈተና ደብተር ከሦስተኛው ገጽ በኋላ አያነብም፣ ይመርመር ትላለች። መምህሩ እኔ ነኝ። ነገሩ እውነት ነበር። ዘጠና ደብተር፣ የአንድ ሳምንት ጊዜ፣ በዚያ ላይ የግል ኮሌጅ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ... ምክንያቱ ይቅር።

ያን ሌሊት ደብተሮቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ። የእያንዳንዱን አራተኛና አምስተኛ ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ያየሁት ግን የጎደለውን ማርክ ፍለጋ ሳይሆን የ«መ»ን አጣጣል፣ የ«ፈ»ን አንገት እያስተያየሁ ነው። ወደ ንጋት አካባቢ አገኘኋት፤ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ብዙ የምትጠይቅ ልጅ ነበረች። አራተኛ ገጿ ላይ ያለው ሐሳብ ከሰጠኋት ማርክ እጅግ የተሻለ ነበር። ምንም አላልኳትም። በማግሥቱ ክፍል ገብቼ አየት አደረግኋት፣ ያው ነው። በሳምንቱ ኋላ ወንበር ሄዳ ተቀመጠች። ጥያቄም አቆመች።

ውጤቱን ማስተካከል ይቻል ነበር። መመሪያው ለክፍሉ ኃላፊ ምክንያቱን ዘርዝሮ መጻፍ ይጠይቃል፣ ከመምህሩ ስምና ፊርማ ጋር። ቅጹን ከጸሐፊዋ ወስጄ ነበር። ማስተማሩን ትቼ ቢሮዬን ሳስረክብ መሳቢያው ውስጥ አገኘሁት፤ ስም የሚለው ቦታ ላይ ምንም አልተጻፈበትም።